ጅማ ሆነን ክላውድ ላይ ኮድ ስንጽፍ፦ የአንድ የቡና ማህበር ሲስተም እንዴት እንደተሠራ

ነገሩ የቡና ነው፣ ጅማ ላይ ደሞ ምን የቡና ያልሆነ ነገር አለ። አጋሮ አካባቢ ያለ አንድ የገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበር ከአባላቱ እሸት ቡና ሲረከብ የሚመዘግበው በካርቦን ደረሰኝና በትልቅ መዝገብ ነው፣ ሲዝኑ ሲያልቅ የእያንዳንዱ አባል ኪሎ ተደምሮ የትርፍ ክፍፍል ይወጣለታል፣ ጭቅጭቁ ያለው እዛ ጋ ነው። አንዱ አባል መጥቶ "ያስገባሁት ይሄ አይደለም" ካለ ሒሳብ ሹሟ የወራት ደረሰኝ ስትገለብጥ ትውላለች። ማህበሩ ይሄን ወደ ሲስተም ቀይሩልን አለን። ስሙን የማልጠራው ስላላስፈቀድኳቸው ነው እንጂ የሚደበቅ ነገር ኖሮ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ከአውሮፓ የመጣው ህግ ነው። የአውሮፓ ህብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ህግ ቡናን ጨምሮ 7 ምርቶችን ይመለከታል፣ በፈረንጆቹ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት የመጣ ነገር አይገባም ይላል፣ ስለዚህ ቡናው የበቀለበት ማሳ ጂፒኤሱ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ቁጥሩ ግን ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ሊኖረው ግድ ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተገፍቷል፣ ማህበሩ ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አልፈለገም።

እኛ አራት ነን። እኔ ጅማ ነኝ፣ አንዱ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚማር ተማሪ ነው፣ አንዱ አጋሮ ቤተሰቦቹ ጋ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ አራተኛው ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሄዷል ግን ማታ ማታ ያግዘናል። የሁላችንም ዕቃ የተለያየ ነው። የአጋሮው ልጅ ላፕቶፕ 4 ጊጋ ራም፣ ያውም ባለ ሃርድ ዲስክ፣ ክሮም ሲከፈት ቬንትሌተሩ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ። ተማሪው የራሱ ላፕቶፕ የለውም፣ የሚጠቀመው ላብ ውስጥ ያለውን ማሽን ነው፣ እዛ ላይ ደሞ ምንም ነገር ኢንስቶል ማድረግ አይፈቀድም። ደህና ማሽን ያለው የአዲስ አበባው ብቻ ነው።

ሥራውን ስንጀምር ሁሉም በየራሱ ማሽን ላይ እንዲሠራ ነበር ሐሳቡ። ኮዱን የሚያሮጠው ኖድ ጄኤስ፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ፣ ተጠቃሚው የሚያየው ገጽ ሪአክት፣ የተለመደው ነው። ከዛ ምን ሆነ፣ አንዱ ጋ ያለው የኖድ ቨርዥን ሌላ፣ ዊንዶውስ ላይ የተጫነው ፖስትግሬስ ፓስወርዱ ጠፍቶበት ሌላው ተቀምጧል፣ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋ አሽጎ የሚያሮጠውን ዶከር እንጠቀም ስንል 4 ጊጋ ራም ላይ ዶከር ዝም ብሎ ማሽኑን ያንቀዋል። ከሁሉም የባሰው ግን ዳታው ነው። አንድ የዶከር ኢሜጅና አንድ የኖድ ሞጁል ፎልደር ሲወርድ በመቶዎች ሜጋባይት ይበላል፣ ግማሹ ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ደሞ እንደገና፣ ይሄን አራት ሰው በየራሱ ፓኬጅ ሲያደርገው ነው እንግዲህ። ኮድ ሳንጽፍ የሞባይል ካርድ ጨረስን ማለት ይቻላል።

ኮድ የሚቀመጥበት ጊትሀብ የሚባለው ድረ ገጽ ወዳለው ኮድስፔስ የሄድነው በዚህ ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ኮድስፔስ ማለት ቪኤስ ኮድ የሚባለው ኮድ መጻፊያ (ኤዲተር) ብራውዘር ላይ ይከፈትልሃል፣ ኮዱ የሚኖረውና የሚሮጠው ግን ዳታ ሴንተር ውስጥ ያለ ሊኑክስ ማሽን ላይ ነው፣ ክላውድ የሚባለውም ይሄ ነው። አንተ ጋ ያለው ኮምፒውተር ስክሪንና ኪቦርድ ብቻ ሆነ ማለት ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ክላውድ ናይን የሚባለው በ2010 ጀምሮ በ2016 አማዞን ገዝቶታል፣ ሪፕሊትም 2016 ላይ የተቋቋመ ነው፣ ኮድስፔስ በ2020 ይፋ ሆኖ በ2022 መጨረሻ ላይ ለማንኛውም ሰው በወር የተወሰነ ነጻ ሰዓት መስጠት ጀመረ።

ይሄን ስናገር ሁሌ የሚገጥመኝ ጥያቄ "ጅማ ላይ ኢንተርኔት እንዲህ እየሆነ እንዴት ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ነገር ትመርጣላችሁ" የሚል ነው፣ መልሴ ደሞ ኢንተርኔቱ እንዲህ ስለሆነ ነው የመረጥነው የሚል ነው። ምክንያቱም ከባዱ ዳውንሎድ የሚሆነው እዛው ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው፣ ፓኬጆቹን ኢንስቶል ሲያደርግ ማሽኑ ከፓኬጅ ሰርቨሩ ጋ በራሱ ፈጣን መስመር ይነጋገራል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ተርሚናሉ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ኤዲተሩ ራሱ መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ሜጋባይት ይወስዳል፣ ከዛ ብራውዘሩ ያስቀምጠዋል። የአጋሮው ልጅ በፊት ኢንስቶል ሲያደርግ የሚጨርሰው የዳታ ፓኬጅ አሁን ለብዙ ጊዜ ሥራ ይበቃዋል፣ ላፕቶፑም ቀዝቀዝ አለ። ባለ 2 ኮሩ ማሽን 8 ጊጋ ራም አለው፣ ማለትም ነጻ የሚሰጠን ማሽን ከእጃችን ካሉት ከአብዛኞቹ ይሻላል።

ሴታፑ የሚጻፈው ሪፖው (የኮዱ ማስቀመጫ) ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ላይ ነው፣ ዴቭኮንቴይነር ይሉታል። የትኛው የኖድ ቨርዥን፣ ከጎኑ ፖስትግሬስ፣ የትኞቹ ኤክስቴንሽኖች፣ ሲፈጠር የትኞቹ ትዕዛዞች በራሳቸው ይሩጡ፣ ዳታቤዙ በምን ዓይነት የሙከራ መረጃ ይሞላ፣ ሁሉም እዛ ይገባል። ከዛ በኋላ አራታችንም ጋ የሚከፈተው ያው አንድ ዓይነት ነው፣ "እኔ ጋ ይሠራል እኮ" የሚባለው ክርክር ሞተ፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። የዴቭኮንቴይነሩ ሌላ ጥቅም፣ ፎርማቱ ክፍት ስለሆነ ከአንድ ድርጅት ጋ አይታሰርም፣ እነዚህ ነገሮች ደሞ ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ ክላውድ ናይንን አማዞን በ2024 ለአዲስ ደንበኛ ዘግቶታል። ኮዱ ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ፣ ሴታፑ ፋይል ላይ ካለ ሌላ ቦታ ሄዶ መክፈት ነው።

ኮታው ላይ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልቅበት እሱ ነው። ነጻ አካውንት በወር 120 የኮር ሰዓት እና 15 ጊጋ ማስቀመጫ አለው። ኮር ማለት የማሽኑ ማስሊያ ክፍል ነው፣ የሚቆጠረው የኮር ሰዓት ስለሆነ ባለ 2 ኮር ማሽን ከወሰድክ 60 ሰዓት ነው፣ ባለ 4 ከወሰድክ 30፣ ስለዚህ "ፈጣኑን ልምረጥ" ያለ ሰው ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበታል። ተማሪው በተማሪነቱ ፕሮ የሚባለውን በነጻ ስላገኘ 180 አለው። ኮታው የሚቆጥረው ደሞ ሪፖው የማን ነው ብሎ ሳይሆን ማሽኑን የከፈተው ማነው ብሎ ነው፣ በዚህ የተነሳ አራታችንም በየራሳችን ኮታ ነው የምንሠራው። ካለቀ መግዛት ይቻላል፣ ባለ 2 ኮሩ በሰዓት 18 ሳንቲም የአሜሪካ ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን የሚከፈለው በዶላር ካርድ ነው፣ እዛ ላይ ሁላችንም እንቆማለን። ሳይነካ ከቆየ ማሽኑ በ30 ደቂቃ በራሱ ይቆማል፣ እኛ ሴቲንግ ላይ ገብተን ወደ 10 ዝቅ አደረግነው፣ ምክንያቱም መብራት ሲጠፋ ማንም ሰው ማሽኑን ዘግቶ አይወጣም፣ ሰዓቱ እዛ ማዶ እየቆጠረ ይቀራል።

አሁን ወደ ችግሩ። የኛ ማሽኖች የሚከፈቱት አውሮፓ ያለው ዳታ ሴንተር ላይ ነው፣ ከጅማ እዛ ደርሶ መልሱ ይሰማል። ኤዲተሩ ላይ ስትጽፍ አይታወቅህም፣ ፊደሉ የሚታየው እዚሁ ብራውዘርህ ውስጥ ስለሆነ። ተርሚናል ላይ ግን ትዕዛዝ ስትጽፍ ፊደሎቹ መጀመሪያ ፈዘዝ ብለው ይወጣሉ፣ ሰርቨሩ አዎ ደርሶኛል ሲል ነው የሚደምቁት። ኔትወርኩ ሲከብድ ግማሽ ትዕዛዝ ፈዝዞ ቁጭ ይላል፣ አንተም አብረህ ቁጭ ነው። የአጋሮው ልጅ ይሄን እያየ ነው አሁን ፑሽ ላድርግ (ኮዱን ወደ ጊትሀብ ልላክ) አላድርግ የሚወስነው፣ ከስልኩ የሲግናል ምልክት ይልቅ ይሄኛውን ነው የሚያምነው፣ እውነቱን ነው።

ኔትወርኩ ጭራሽ ሲጠፋስ? ሲጠፋ ጠፋ ነው፣ ኮድስፔስ የለም። ክረምት ላይ ማዕበል ካለ ደሞ መብራቱም ኔትወርኩም አብረው ይሄዳሉ። ለዚህ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው፣ አንደኛ ሁላችንም ማሽናችን ላይ የሪፖው ኮፒ አለን፣ ተማሪው እንኳን ፍላሽ ላይ ይይዘዋል፣ ሩጫው ባይኖርም ኮድ ማንበብና መጻፍ ይቻላል፣ ሲመጣ ፑሽ ይደረጋል። ሁለተኛው ኮሚት (ለውጥን ጊት ላይ መመዝገብ) ትንሽ ትንሽ ይሁን ተባባልን፣ "ጨርሼ ነው ፑሽ የማደርገው" ማለት ክልክል ነው፣ ያልጨረስከው ነገር ካለ በራስህ ብራንች (ከዋናው ኮድ የተለየ ቅርንጫፍ) ላይ ገፍተኸው ትሄዳለህ። ይሄ የመጣው ከአንድ ገጠመኝ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ መሥሪያ ቤቱ ፊልድ ልኮት ሪፖርት የሚያወጣውን ክፍል ኮሚት ሳያደርግ ኮድስፔሱ ላይ ትቶ ሄደ፣ ሳይነካ 30 ቀን የቆየ ኮድስፔስ በራሱ ይሰረዛል፣ ኢሜይል ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል ግን ፊልድ ላይ ማን ኢሜይል ያያል። እንደገና ጻፈው። በርግጥ ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው አጭርና የተሻለ ሆነ፣ ይሄን ግን ፊቱ ላይ አልነገርነውም።

አሁን የሰዓቱ ጉዳይ፣ ከዚህ ሁሉ ሥራ ለኔ በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው። ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ሥራው የሚበዛው ማታ ነው፣ ገበሬው ቀን ሲለቅም ውሎ አመሻሽ ላይ ያመጣል፣ ከራቅ ካሉት መረከቢያዎች በመኪና የሚመጣው ደሞ እኩለ ሌሊት አልፎም ሊደርስ ይችላል፣ እሸት ቡና ስለማያድር እዛው ይመዘናል ይፈለፈላል። አንድ ቴስት፣ ማለትም ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ፣ ጽፈን ነበር፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተመዘነ ቡና የየትኛው ቀን ነው የሚል። የአዲስ አበባው ልጅ በራሱ ላፕቶፕ ሲያሮጠው ያልፋል፣ ኮድስፔስ ላይ ስናሮጠው ይወድቃል። ያው ኮድ፣ ያው ቴስት። "እኔ ጋ ይሠራል" ተመልሶ መጣ።

ምክንያቱ ሲገኝ ቀላል ነው። የኮድስፔሱ ማሽን ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው፣ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ላፕቶፑ ላይ ቀኑ የሚቀየረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ክላውዱ ላይ የሚቀየረው ለኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ኮዱን የምንጽፍበት ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ደሞ ዛሬ ስንት ነው ስትለው የሚሮጥበትን ማሽን ሰዓት ነው የሚነግርህ። ስለዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተመዘነው ላፕቶፑ ላይ የነገው ሆኖ ይመዘገባል፣ ክላውዱ ላይ የዛሬው። ተማሪው ወዲያው የሰዓት ዞኑን አዲስ አበባ አድርገን እንጨርሰው አለ፣ የሚባለውም እንደዛ ነው። እስቲ መዛኙን እንጠይቀው ብለን ለአጋሮው ልጅ ነገርነው፣ ሄዶ ጠየቀው፣ መዛኙ ጥያቄው ራሱ አልገባውም። ሌሊት የመጣው የማታው ሥራ ነው፣ እንዴት የነገ ይሆናል፣ እስኪነጋ ድረስ ያው አንድ ቀን ነው፣ ደረሰኙም በዛው ቀን ነው የሚቆረጠው አለ። ማለትም ላፕቶፑም "ልክ" የሆነው ሰዓት ዞንም ለማህበሩ ስህተት ናቸው፣ ክላውዱ በአጋጣሚ ለመዛኙ ቀርቦ ነበር፣ እሱም ከ9 ሰዓት በኋላ ይሳሳታል። የሰዓት ዞኑን ብቻ አስተካክለን ብንሄድ ኖሮ ሲስተሙ ከደረሰኙ ጋ በየሌሊቱ ይጣላ ነበር፣ ጭቅጭቁን ልናስቀር የሠራነው ነገር ጭቅጭቅ ይፈጥር ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓምድ አደረግነው። አንዱ ትክክለኛው ቅጽበት ነው፣ እሱ ዳታቤዝ ውስጥ በዩቲሲ ይቀመጣል፣ ማንም አይነካውም። ሌላው የሥራ ቀን ነው፣ መዛኙ ማታ ሥራ ሲጀምር ይከፍተዋል፣ እስኪዘጋው የሚገባው ሁሉ በዛ ቀን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው በኛው አቆጣጠር ነው፣ ይሄን ብዙ ሰው በእጁ ነው የሚያሰላው ግን ጃቫስክሪፕት የኢትዮጵያን ካላንደር በራሱ ያውቃል፣ ፎርማቱ ላይ ኢትዮፒክ ብለህ ማዘዝ ብቻ ነው፣ ጳጉሜንም በደንብ ነው የሚቆጥረው።

አብሮ መሥራቱስ? ላይቭ ሼር የሚባል ነገር አለ፣ አንዱ ይከፍታል ሌሎቹ በሊንክ ይገባሉ፣ የሁሉም ጠቋሚ እየታየ አንድ ፋይል ላይ አብሮ ይጻፋል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉን ነገር በሱ ለመሥራት ሞክረን ነበር፣ ደስ ይላል ግን አራት ሰው አንድ ፋይል ላይ ሲጽፍ ሦስቱ ያያሉ አንዱ ይጽፋል፣ የከፈተው ሰው ከወጣ ደሞ ለሁሉም ይዘጋል። አሁን የምንጠቀመው ለማስተማር ነው፣ ተማሪው አንድ ነገር ሲከብደው የአዲስ አበባው ልጅ ይከፍታል፣ ድምፁን ግን በተራ ስልክ ጥሪ ነው፣ ድምፅ በዳታ ከተጨመረ ሁለቱም ይቆራረጣሉ። የየዕለቱ ሥራ የሚሄደው በብራንችና በፑል ሪኩዌስት (ለውጤን አይታችሁ ወደ ዋናው ኮድ አስገቡልኝ የሚል ጥያቄ) ነው፣ አንዱ ይጽፋል ሌላው ሲመቸው ያነባል ይተቻል፣ ሁለቱ ባንድ ሰዓት ኔትወርክ ላይ መገናኘት የለባቸውም። በኔ ግምት እንደኛ ላለ ቦታ ጠቋሚ ከማሳየት ይሄኛው አሥር እጥፍ ይሻላል፣ ግን ማስታወቂያው ላይ አያምርም።

ኮድስፔስ ላይ የሚሮጠውን አፕ በሊንክ ለሌላ ሰው ማሳየት ይቻላል፣ ፖርት ይሉታል፣ ካልቀየርከው ሊንኩ የሚከፈተው ላንተ ብቻ ነው፣ ፐብሊክ ካደረግከው ለማንም ይከፈታል። ልጆቹ ለማህበሩ ሊቀመንበር ሊንኩን በቴሌግራም ላኩላቸው፣ ያኔ ከፈቱት፣ ደስ አላቸው፣ ለቦርዱ አሳያለሁ ብለው አስቀመጡት። በማግስቱ ስልክ ተደወለልኝ።

"ልጄ፣ ትናንት የነበረው ዛሬ የለም እኮ።"

"ጋሼ፣ እሱ የመሥሪያ ቦታችን ነው፣ እኛ ስንወጣ ይዘጋል።"

"ታዲያ ሱቁ መቼ ነው የሚከፈተው?"

ነጥቡ እዛ ላይ ነው፣ ኮድስፔስ የሚሠራበት ቦታ ነው እንጂ ሆስቲንግ፣ ማለትም አፑ ለተጠቃሚ ሁሌ ክፍት ሆኖ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አይደለም፣ እንቅስቃሴ ከሌለ ይቆማል፣ ሊንኩም አብሮ ይሞታል። ብዙ ጀማሪ ልጅ ሊንክ ስላገኘ ብቻ "ሆስት አድርጌዋለሁ" ይላል። ለማህበሩ ሌላ፣ ሁሌ የሚሮጥ ትንሽ ሰርቨር ነው የተከራየነው፣ ዋናው ብራንች ላይ የገባ ኮድ ቴስቱን ካለፈ በራሱ እዛ ይደርሳል።

የሁለቱ ቦታ መለየት ለሌላም ነገር ጠቅሞናል። የገበሬው ስም፣ ስልክ፣ የማሳው ጂፒኤስ፣ ስንት ብር እንደተከፈለው፣ ይሄ ሁሉ የሰው የግል መረጃ ነው፣ አሁን ደሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፣ "ለሙከራ ነው" ብሎ የሰው ስልክ ቁጥር በየብራውዘሩ መበተን አይቻልም። ኮድስፔስ ላይ ያለው ዳታቤዝ የሚሞላው በፈጠራ ስሞችና በፈጠራ ማሳዎች ነው፣ እውነተኛው ያለው ሰርቨሩ ላይ ብቻ ነው፣ እሱን የሚከፍቱት ከኛ ሁለት ሰዎችና ሒሳብ ሹሟ ናቸው። ፓስወርዶችና ቁልፎችም ሪፖው ውስጥ አይገቡም፣ ኮድስፔስ ሴክሬት የሚል ቦታ አለው፣ እዛ ይቀመጡና ማሽኑ ሲነሳ ራሱ ያገኛቸዋል። ተማሪው ላብ ውስጥ ሰው በሚቀያየርበት ማሽን ላይ ስለሚሠራ ሲወጣ ከአካውንቱ መውጣቱን ሁሌ እንጠይቀዋለን፣ ሰልችቶታል፣ ይሰልቸው።

መዛኙ ጋ ያለው ስልክ ላይ ደሞ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ መመዝገብ መቻል ስላለበት አፑ መረጃውን ስልኩ ላይ ይዞ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ይሄኛው ክፍል ክላውድ ላይ ለመሥራት የሚመች አይደለም፣ አውሮፓ ያለ ማሽን ላይ ሆነህ "ኔትወርክ የሌለው ማጠቢያ ጣቢያ" መሞከር አትችልም፣ ስልኩን ይዘህ እዛው መሄድ ነው፣ የአጋሮው ልጅ የሄደውም ለዚህ ነው። በዚህ ሙከራ የተገኘው ችግር ከሁሉም ይበዛል፣ አንድ ደረሰኝ ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ሲል ሁለቴ ሲላክ ታየ፣ አሁን እያንዳንዱ ሚዛን ስልኩ ላይ ሲጻፍ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሰርቨሩ ያንኑ ቁጥር ደግሞ ካየ አይቀበልም።

አሁን ያለንበት፣ ሲስተሙ ከመዝገቡ ጎን ለጎን እየሄደ ነው፣ ሒሳብ ሹሟ ሁለቱን እያስተያየች ነው፣ መዝገቡን ገና አልተወችውም፣ እኔም ተይው አላልኳትም። ያልተፈታው የሰርቨሩ ክፍያ ነው። ኪራዩ በዶላር ስለሆነ የአዲስ አበባው ልጅ በባንክ ካርዱ ይከፍልና ማህበሩ በብር ይመልስለታል፣ ብሩ ደሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን የምንዛሪው ዋጋ ካርዱ የተቆረጠበት ቀን ሌላ፣ ማህበሩ የመለሰበት ቀን ሌላ ነው። ኦዲተሩ የትኛውን ቀን ልያዝ እያለ ነው፣ ሊቀመንበሩ የተቆረጠበትን ይላሉ፣ ሒሳብ ሹሟ ደረሰኙ የገባበትን፣ እሱ ላይ ገና አልተስማማንም።